ቁስል የሚጠግነውን እጅ አትምታ

ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ የቆሰለውን ሰው ያነሣው ደጉ ሳምራዊ በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፈሰሰ። በርኅሩኅ እጅ ወይን መድኃኒት ሆነ። ዛሬም በሁሩታ ይሁን በአዳማ፥ በሌሊት በአምቡላንስ የሚደርስ የጤና ሠራተኛ የዚያ ሳምራዊ ወራሽ ነው። በአረቄ ሰክሮ እርሱን የሚመታ ሰው መድኃኒቱን ማቁሰያ ያደርገዋል፤ በምጥ ተይዛ ርዳታ የምትጠብቀውን እናትም አብሮ ይጎዳል።

«ሰክሬ ነበር» ማለት አያድንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 50፥ ወንጀል ለመሥራት አስቦ ወይም አደጋውን ማወቅ ሲገባው አእምሮውን በመጠጥ ያሳተ ሰው በስካሩ አመካኝቶ ከቅጣት እንዳያመልጥ ይደነግጋል። በአንቀጽ 84 ደግሞ በሥራው ላይ ባለ የመንግሥት ሠራተኛ ላይ የሚፈጸም በደል ቅጣትን ያከብዳል። ፍርዱ ቅን ነው፤ የመጨረሻውን ጽዋ ያለ አእምሮ ቢያነሣው እንኳ የመጀመሪያውን ያነሣው በፈቃዱ ነውና። ሄሮድስንም የግብዣው መሐላ ከመጥምቁ ዮሐንስ ደም አላነጻውም።

ስለዚህ የበደለ ሰው የመታውን ይቅርታ ይለምን፤ ይካስ፤ ለሕግ ይታዘዝ፤ ወደ ንስሐ አባቱም ይቅረብ። በማኅበርና በዝክር የምትቀዱም፥ ለወንድማችሁ የሚበቃውን ዕወቁለት።