የታችኛውን ቅጠል ውሰጂ፣ ልቡን ተዪው

ልጄ፣ ትናንት ጓሮሽን ሳየው ደስ አለኝ፤ ስጋትም ገባኝ። በሚያዝያ የዘራሽው ጎመን ጉልበትሽ ደርሷል፣ ዝኩኒው መሬቱን አልብሶታል፤ አንድ ቅጠል ግን አልተነካም። «ትንሽ ይደግ ብዬ ነው እማማ» አልሽኝ። እንዲህ ያለው አትክልት በመጠበቅ አይበረክትም ልጄ፤ የሚበረክተው ሲለቀም ነው።

እኔም በአንቺ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ። አንድ ዓመት ሰላጣዬን የሐዋርያት ጾም ሲገባ እቆርጠዋለሁ ብዬ ሳልነካው ከረምኩ። ጾሙ ሲገባ መሐሉ ተመዞ ለአበባ ደርሶ ነበር፤ ቅጠሉም መሮ አልበላ አለ። ግንቦት ላይ ለጋ ሳለ ብቀጥፈው ኖሮ ስንት ቀን በበላሁት!

ጎመኑን ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ልቀሚ፤ ያኔ ቅጠሉ ውኃ የጠጣ ነው፣ ቶሎ አይጠወልግም። ከታች ጀምሪ። የቅጠሉን አገዳ ግንዱ አጠገብ በአውራ ጣትሽ ወደ ታች ጫን ስታደርጊው ቀጭ ብሎ ይለቃል። ወደ ላይ ከሳብሽው ግን ልጡን ገፍፎ ይመጣል፤ በዚህ ዝናብ ደግሞ ቁስሉ ይበሰብሳል። መሐል ያሉትን 4 ወይም 5 ለጋ ቅጠሎች አትንኪ፤ ተክሉ እንደገና የሚያድገው ከዚያ ነው። ቆስጣም እንዲሁ ነው።

ዝኩኒውን ስንዝር ሲሞላ ቁረጪው። አበባው ከፈካ ሳምንት ሳይሞላ ይደርሳልና በየሁለት ቀኑ ቅጠሉን ገለጥ እያደረግሽ እዪ። ክንድ ካከለ ልጣጩ ይጠነክራል፣ ሆዱ ዘር ይሞላል፤ ተክሉም ዘሩን ማብሰል ከጀመረ አዲስ ፍሬ ማውጣቱን ይቀንሳል።

በመጋቢት የተከልሽው ድንች አበባውን አራግፏል። አፈሩን ከጎን በጣትሽ ጫር ጫር አድርገሽ ለእራት የሚበቃሽን አውጪና መልሰሽ አልብሺው። ልጣጩ በጣት የሚገፈፍ ለጋ ድንች አይቀመጥም፤ በዕለቱ ቀቅዪው። ፀሐይ አግኝቶት አረንጓዴ የሆነውን ግን ጣዪው፤ መርዝ አለበት። የቀረውንም ሐምሌ ሙሉ አታቆዪው፤ ዝናብ ሲበዛ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ድንቹም አፈር ውስጥ ይበሰብሳል።

ከጎመኑ ሁሉ ያማረውን አንድ እግር ግን ተዪው። ያብብ፣ ዘር ይያዝ። ለከርሞ የምትዘሪው እሱን ነው፤ የተረፈው ጎመን ዘርም ለምጣድ ማሰሻ ይሆንሻል።

ጾሙ እስከ ሐምሌ 5 ነው፤ ገበያ ምን ያስኬድሻል? ነገ ጠዋት ሰፌድሽን ይዘሽ ውጪ። ከየእግሩ ሁለት ሁለት ቅጠል ብቻ ቀንጥሺ፤ ለአንድ ድስት ይበቃሻል። በሳምንቱ ተመልሰሽ ስትለቅሚ እኔንም ጥሪኝ፤ እንጀራውን ይዤ እመጣለሁ።