የጾመኛው እጅና የሠራተኛው ደመወዝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዐቢይ ጾም ስድስተኛ እሑድ ገብር ኄር ይባላል። ስለ ታማኙ አገልጋይ በየዓመቱ እንማራለን። በዚያው ምሳሌ ጌታውም ተመልሶ መጥቶ ከአገልጋዮቹ ጋር እንደተሳሰበ፣ ለደከመውም ዋጋውን እንደሰጠ ልብ ብለን ይሆን? እኛስ ለምናሠራው ሰው እንዴት ያለን ጌቶች ነን?

በነቢዩ ኢሳይያስ ዘመን ሕዝቡ ጾማችን ለምን አልታየልንም ብሎ አምላኩን ጠየቀ። መልሱ በምዕራፍ 58 ይገኛል፤ እየጾሙ ሠራተኞቻቸውን ያስጨንቁ ነበርና ነው። ከሥጋና ከወተት የተከለከለ አፍ የሰው ላብ ከያዘ እጅ ጋር አብሮ ወደ መቅደስ አይገባም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ካለው ከቅዱስ ጊዮርጊስ አስቀድሰን፣ ነጠላችንን አጣፍተን ስንወጣ እነማንን እናገኛለን? ድንጋይ የሚሸከመውን የቀን ሠራተኛ፣ በሐይቁ ዳር ሆቴል እስከ ሌሊት የምታስተናግደውን እኅት፣ በር ላይ የሚያድረውን ጥበቃ፣ የጾም ሽሮአችንን የምትሠራልንን ልጅ። «ዛሬ የለኝም፣ ቅዳሜ ና» ብለን ሦስት ቅዳሜ ያመላለስነው የለም? «ጉርሻ ታገኚ የለም እንዴ» ብለን የትርፍ ሰዓቷን ያስቀረንባትስ? ከዚያው ገንዘብ ቀንሰን ለስለት ጃንጥላ ገዝተን ከሆነ፣ ስለቱን ማን ይቀበለናል? በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድሃው ዋጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈለው ታዟል። ሐዋርያው ያዕቆብም የተያዘ ደመወዝ ድምፅ እንዳለውና ጩኸቱ ከጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ያስጠነቅቃል።

አንዳንዱ «ሕጉን አላውቀውም» ይላል። እንግዲህ እንወቀው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ በቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን ከሆነ ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ከሆነ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። አንድ ዓመት ያገለገለ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። እናት ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ታርፋለች። ለጡረታም በግል ድርጅት ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ቆርጦ ገቢ ሳያደርግ ኪሱ የሚያስቀረው አሠሪ የሽማግሌ እንጀራ በላ ማለት ነው።

በግል ቤታችን የምትሠራውን ልጅ ግን ይህ አዋጅ በቀጥታ አይሸፍናትም። ታዲያ ሕግ ስላልያዘን ነጻ ነን? አይደለም! ተቆጣጣሪ በማይገባበት ቤት እግዚአብሔር አለ። ደመወዟን በወሩ ስጧት፤ በሰንበት አሳርፏት፤ ስታመም አሳክሟት።

አንተ ሠራተኛ ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ መብትን መጠየቅ ትዕቢት አይደለም። የሠራችሁበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራልና «ይሁን፣ ነገ» እያላችሁ አትዘግዩ። አስቀድማችሁ በሰላም ጠይቁ፤ እምቢ ካሏችሁ ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ወይም ወደ ፍርድ ቤት ሂዱ። እናንተም በተቀጠራችሁበት ሰዓት በታማኝነት ሥሩ፤ የሥራን ሰዓት መስረቅም ስርቆት ነው።

አሠሪ የሆንን ሁሉ ዘኬዎስን እናስብ። ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ እንጂ ማረኝ ብሎ ብቻ አልቀረም። ንስሐ አባታችን ዘንድ ከመቅረባችን በፊት ደብተራችንን ገልጠን፣ የማን ዋጋ እጃችን ላይ እንዳለ እንይ። ሰውየው ሥራ ለቆ ከሄደም ፈልገን እንስጠው። ለፋሲካ ዶሮ ከመግዛታችን በፊት የእሱም ቤት የሚፈስክበትን እንክፈል።

ጾመን ለማፍረስ፣ ሠርተን ለመጣላት ሳይሆን፣ ተሳስበንና ተፋቅረን ብርሃነ ትንሣኤውን ለማየት ያብቃን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።