በሽምግልና ዘመን በባዕድ አገር ስለሚያገለግሉ ባልና ሚስት



ከደንበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጅጋ ከተማ፥ በገበያ ቀን፥ ጠጕራቸው ፈጽሞ የነጣ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች፥ ባልና ሚስት፥ ከመኪና ሲወርዱ ብታይ ምን ትላለህ? ባልየው ሻንጣ ይዘዋል፤ ሚስቲቱ በምርኵዝ ይደገፋሉ። አገር ለመጐብኘት አልመጡም፤ ቤት ተከራይተው በመካከላችን ሊኖሩና ሊያገለግሉ ነው እንጂ። በገበያው ያለ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ እንዲህ ይባባላል፤ «ምን ጐድሎባቸው ነው? ልጅ የላቸውምን? የሚጦራቸው ቢያጡ ነውን? በዚህ ዕድሜ ከአገር መውጣት ምን ይሉታል?»

ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም፤ በዚህች ትንሽ ጽሑፍም ልንመረምረው እንወዳለን። ሽማግሌ ከልጆቹና ከልጅ ልጆቹ ተለይቶ፥ ከሚስቱ ጋራ በባዕድ አገር እግዚአብሔርንና ሰውን ያገለግል ዘንድ ይገባዋልን? የሚገባውስ ከሆነ በምን አኳኋን ነው?

አስቀድመን የሚቃወመውን ሰው ቃል በቅንነት እንስማ፤ ሦስት ነገር ይላልና። ፊተኛው፥ ሽምግልና የዕረፍት ዘመን ነው፤ ሰው በጕልማስነቱ የዘራውን በስተርጅናው ተቀምጦ ሊበላ ይገባዋል ይላል። ሁለተኛው፥ ሽማግሌ ለቤተ ሰቡ ምሰሶ ነው፤ የተጣላውን ማን ያስታርቃል? የልጅ ልጆቹንስ ማን ይመርቃል? በእንግዳ ምድር ቢሞትም ከአባቶቹ መቃብር ተለይቶ ይቀራል ይላል። ሦስተኛው፥ ያረጀ ሰው ቋንቋ ለመማር ይቸገራል፥ ምግቡ አይስማማውም፥ ቢታመም አስታማሚ ይሻል፤ ስለዚህ ላገልግል ብሎ መጥቶ ሌሎች የሚያገለግሉት ይሆናል ይላል።

ይህን የሚናገር ሰው ሰነፍ አይደለም። ነገር ግን የገዛ አገራችንን ልማድ ጥቂት እንመልከት። በጐጃም ባላገር ባልና ሚስት ሲያረጁ መሬታቸውን ለልጆቻቸው ትተው፥ ቆብ ደፍተው፥ የቀረውን ዘመናቸውን ለእግዚአብሔር የሚሰጡ ስንት ናቸው! የቅኔው መምህርስ? የኔታ ከተወለዱበት ደብር ወጥተው በሰው አገር ወንበር ዘርግተው ያረጃሉ፤ ዓይናቸው ቢፈዝ እንኳ ደቀ መዛሙርቱ ከአፋቸው ይማራሉ እንጂ «አርጅተዋልና ወደ ቤትዎ ይሂዱ» የሚላቸው የለም። ተማሪውም ገና በልጅነቱ ደበሎ ለብሶ፥ አኵፋዳ ይዞ፥ እናቱን ተሰናብቶ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ዲማ ይሄዳል። እንግዲህ ስለ እግዚአብሔር ነገር ከቤት መውጣት፥ በሰው አገርም ማርጀት፥ በእኛ ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። አብርሃምም ከካራን የወጣ ሰባ አምስት ዓመት ሲሆነው ነበር፤ ሣራንም ይዞ ወጣ እንጂ ብቻውን አልሄደም።

ስለዚህ «ሽማግሌ ሊወጣ ይችላልን?» የሚለው ጥያቄ ተመልሷል። የሚቀረው ጥያቄ «ምን ሊሰጥ ይወጣል?» የሚለው ነው።

ጕልበት ሊሰጥ ነው ብንል ሐሰት ይሆናል፤ ጕልበት የጕልማሳ ነውና። ነገር ግን ሽምግልና ጕልማስነት የሌለው አንድ ነገር አለው። ጕልማሳ ሰው፥ ደግ እንኳ ቢሆን፥ ሲያገለግል ሹመት፥ ደመወዝ፥ መልካም ስም በልቡ ይመላለስበታል፤ ገና ቤት ይሠራል፥ ገና ልጅ ያሳድጋልና። ሽማግሌ ግን የሚሾምበት ዘመን አልፏል። የሚሰጠው ሁሉ ዋጋ የማይጠብቅ ስጦታ ለመሆን ይቀርባል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሆኖም ወጥመድ አለው፤ ጕልማሳ ማግኘት ይወዳል፥ ሽማግሌ ደግሞ መታዘዝን ይወዳል፤ ይኸውም ሌላው እንዲታዘዝለት ነው። ገንዘብን የናቀ ሰው ቃሉ ሲናቅ አይታገሥም። እንግዲህ የሽማግሌ አገልግሎት የሚፈተነው በዚህ ነው፤ ያወቀውን ለሌላው አስተላልፎ እርሱ ወደ ኋላ ይላልን? ወይስ እስኪሞት ድረስ በወንበሩ ላይ ይቀመጣል?

ለዚህ ነገር በአገራችን የታየ ምሳሌ አለ። ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን የኒውዚላንድ ሰው፥ ሚስታቸው ዶክተር ካትሪንም የአውስትራሊያ ተወላጅ ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጡ (ከዚህም በታች ያሉት ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። ያን ጊዜ ባልየው ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት አልፎ ነበር፤ ሚስቲቱ ሠላሳ አምስት ዓመታቸው ነበር። የሚስዮን ማኅበር የላካቸው አልነበሩም፤ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አዋላጆችን ያስተምሩ ዘንድ ለሦስት ዓመት ተዋውለው ነው የመጡት። ነገር ግን ሁለቱም ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ሥራቸውንም ከእግዚአብሔር እንደ ተቀበሉት አደራ ይቈጥሩት ነበር።

በዚያም ፊስቱላ የሚባለውን ሕመም አዩ። ይህ ሕመም ምጥ ለቀናት የጸናባትን፥ ረዳትም ያጣችን እናት የሚያገኝ ነው። የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ሥጋ ከአጥንት ጋራ አጣብቆ ስለሚጫነው ሥጋው ይሞትና ቀዳዳ ይሆናል፤ ሕፃኑ ብዙ ጊዜ ሞቶ ይወለዳል፥ እርስዋም ሽንቷን መያዝ ይሳናታል። ከዚህ የተነሣ ስንቷ ከባሏ ተለይታ፥ ከሰው ርቃ በጓሮ ጎጆ ብቻዋን ትኖር ነበር! ሦስቱ ዓመት አለቀ፤ ባልና ሚስቱ ግን አልተመለሱም። በ1974 ለእነዚህ ሴቶች ብቻ የሚሆን ሐኪም ቤት በአዲስ አበባ መሠረቱ። ባልየው በ1993 ዐረፉ። ሚስቲቱ ያን ጊዜ ስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር፤ ወደ አገራቸው ቢመለሱ የሚነቅፋቸው አልነበረም። እርሳቸው ግን በዚሁ ቈዩ፤ በ2020 በዘጠና ስድስት ዓመታቸው በአዲስ አበባ አረፉ። በእነዚህ ዓመታት በዚህ ሥራ የታከሙት ሴቶች ከ60,000 ይበልጣሉ።

አንባቢ ሆይ፥ ብዙ ዘመን መቈየታቸውን ብቻ አታድንቅ። ይልቁንም ይህን ተመልከት። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ፊደል ሳይቈጥሩ፥ በዚሁ ሕመም ተይዘው ወደ እነርሱ የመጡ ባላገር ነበሩ። ባልና ሚስቱ ግን ከሕመማቸው በኋላ በሐኪም ቤቱ ሥራ ሰጧቸው፤ አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው በቀዶ ጥገናው ክፍል እጅ እያቀበሉ፥ እያዩና እየሞከሩ፥ በመጨረሻ ራሳቸው የተካኑ ቀዳጅ ሆኑ፤ የተማሩ ሐኪሞችንም አስተማሩ። በ2005 በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ሐኪም ቤት ተከፈተ፤ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ወረዳ የምትመጣ ሴትም እንደ ቀድሞው አባይን ተሻግራ እስከ አዲስ አበባ መድከም ቀረላት። በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ከእጃቸው አውጥተው በሌላው እጅ አኖሩት፤ ስለዚህ እነርሱ ሲያርፉ ሥራው አላረፈም። ቢላዋውን ለሌላው የማያቀብል ሐኪም ግን፥ መቶ ዓመት ቢያገለግል፥ ሲሞት ሐኪም ቤቱን አብሮ ይቀብረዋል።

አሁን ደግሞ ስለ እኛ፥ ስለ ተቀባዮቹ፥ እንናገር፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ በመጣው ሰው ላይ ብቻ አይደለምና። በእኛ አገር ሽበት ይከበራል። ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫችን እንነሣለን፤ ሲናገር አናቋርጥም፤ ቢሳሳት እንኳ «እሺ አባባ» ብለን ዝም እንላለን። ይህ መልካም ጠባይ ነው። ነገር ግን ለእንግዳ ሽማግሌ ይህ ክብር ግንብ ሊሆንበት ይችላል።

ለምሳሌ እንዲህ አስብ። አንዲት አሮጊት የውጭ አገር ሴት የመንደሩን እናቶች ሰብስበው «ለሕፃናቱ የምትሰጡትን ውሃ ሁሉ አፍልታችሁ ስጡ» ብለው ያስተምራሉ። ምክራቸው እውነት ነው። እናቶቹም «እሺ እማማ» ይላሉ፥ እጃቸውንም ይስማሉ፤ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ግን አያፈሉም። ስለ ምን? እንጨቱን ከሩቅ በጀርባቸው ተሸክመው የሚያመጡት እነርሱ ናቸውና፤ ለእራት እንኳ አይበቃም። ይህን ግን ለእማማ የሚነግራቸው አንድም ሰው የለም፤ ያሳዝናቸዋል ብለው ይሰጋሉና። ሁለት ዓመት፥ ሦስት ዓመት ያልፋል። ሕፃናቱ ይታመማሉ፤ እማማም «ይህ ሕዝብ ልቡ ደንዳና ነው» ብለው በልባቸው ያዝናሉ። አንዲት ሴት ደፍራ «እማማ፥ እንጨት የለንም» ብላቸው ኖሮ፥ ውሃውን በጠራ ጠርሙስ ሞልቶ ቀኑን ሙሉ በጠራራ ፀሐይ ማዋልን፥ ወይም ሌላ ዘዴ ባስተማሯት ነበር። እንግዲህ ሕፃናቱን የጐዳቸው ጥላቻ አይደለም፤ እውነት የጐደለው አክብሮት ነው።

በሐዋርያት ሥራ የተጻፈውን የአቂላንና የጵርስቅላን ነገር አስታውስ። እነርሱ ከሮሜ ተሰድደው በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፉ የኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ፤ በኋላም ወደ ኤፌሶን ተሻገሩ፤ በሁሉም ስፍራ እንግዶች ነበሩ። አጵሎስ የሚባል አንደበቱ የተባ ሰው ትምህርቱ ጐድሎ ባዩት ጊዜ በጉባኤ ፊት አላዋረዱትም፥ ዝምም አላሉትም፤ ለብቻው ወስደው አስረዱት። ይህ መንገድ ለወጣቱም ለሽማግሌውም የሚበጅ ነው። አክብሮት ሳይጐድል እውነት ይነገራል።

ስለዚህ በሽምግልና ሊወጡ ለሚያስቡ ባልና ሚስት ይህን ምክር እንሰጣለን። አስቀድማችሁ የቤታችሁን ዕዳ ጨርሱ፤ የምትጦሯቸው ወላጆች ቢኖሩ፥ የታመመ ልጅ ቢኖር፥ እነርሱን ጥሎ መሄድ አገልግሎት አይባልም። ጌታችን ለመቅደስ ሰጥቻለሁ እያለ አባትና እናቱን የሚከለክለውን ሰው ገሥጿልና። ቀጥሎም ሁለታችሁ በአንድ ልብ ሁኑ፤ አንዱ ጐትቶ ሌላው ተጐትቶ የሄደበት መንገድ በመጀመሪያው በሽታ ይቋረጣል። ቋንቋውን ተማሩ፤ ብትንተባተቡም አትፈሩ። በስልሳ ዓመቱ «ሀ ሁ» የሚል ሰው እንደ ሕፃን ይሆናል፤ እንደ ሕፃን መሆንም ለሚያስተምር ሰው መድኃኒት ነው። ጐረቤታችሁን «ምን ተሳሳትን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ምንም» ቢላችሁ አትመኑት፥ ደግማችሁ ጠይቁት። ሥራውንም በጀመራችሁበት ቀን የሚረከባችሁን ሰው መፈለግ ጀምሩ።

ለአንተም፥ ለሚቀበለው ወንድሜ፥ ይህን እላለሁ። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፥ ሲያድር ብር፥ ሲሰነብት ብረት ነው ይባላል፤ አንተ ግን ሽማግሌውን እንግዳ እስከ ፍጻሜው ወርቅ አድርገህ ያዘው። ወደ ባሕር ማዶ የምትሻገርበት ድልድይ፥ ገንዘብም የምታወጣበት ከረጢት አድርገህ አትመልከተው። ሲታመም ጠይቀው፤ ሲያዝን አጽናናው፤ በእድርህ ቍጠረው፤ ቢሞትም እንደ አገርህ ሰው አልቅሰህ ቅበረው። ከሁሉ ይልቅ እውነቱን ንገረው።

ደግሞም የሚመጣው ሁልጊዜ ፈረንጅ፥ የሚቀበለውም ሁልጊዜ ሐበሻ እንደ ሆነ አታስብ። በ1750 ገደማ በዚሁ በጐጃም የተወለደው አቡ ሩሚ፥ አብርሃምም የሚባለው፥ በሽምግልናው ዘመን በካይሮ ተቀምጦ አሥር ዓመት ያህል ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሰ። ሥራውን በ1818 ፈጸመ፤ በማግሥቱ ዓመት በወረርሽኝ በዚያው በባዕድ አገር ሞተ። መጽሐፉ በሙሉ የታተመው ግን በ1840 ነው። ደራሹ ሳያየው፥ የአገሩ ሰዎች አነበቡት። እርሱም እንደ ሃምሊን ባልና ሚስት የድካሙን ፍሬ በሌላው እጅ ትቶ ሄደ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት አንተ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ሠላሳ ዓመት አስተምረህ ጡረታ የወጣህ ሰው ትሆናለህ፤ ወይም ገና ተማሪ ነህ፥ ሽምግልናም ሩቅ ይመስልሃል። ባዕድ አገር ማለት ባሕር ማዶ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋህ የማይሰማበት ቈላ፥ መምህር ያጣ መንደርም ባዕድ አገር ነው። የሽምግልናህ ዘመን ሲመጣ ከሚስትህ ጋራ በቤትህ ደጅ ተቀምጣችሁ ፀሐይ ትሞቁ ይሆናል፤ ይህም ኀጢአት አይደለም። ነገር ግን «ያለንን ለማን እናውርስ?» ብላችሁ ስትነጋገሩ፥ ከመሬትና ከከብት ሌላ ያላችሁን፥ እውቀታችሁንና ትዕግሥታችሁን፥ አብራችሁ ቍጠሩ። ይህን ርስት ልጆቻችሁ ብቻቸውን ሊወርሱት አይችሉም፤ ወራሹ ምናልባት ስማችሁን በማያውቅ መንደር ይጠብቃችኋልና።

እግዚአብሔር ለሽማግሌዎቻችን ትሑት ልብ፥ ለወጣቶቻችንም እውነት የሚናገር የጨዋ አንደበት ይስጥልን። አሜን።