ያልሰረቀው አገልጋይ

በዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር ነው። የሚነበበው ወንጌል ማቴዎስ 25 ላይ ያለው ነው፤ ጌታቸው ሩቅ አገር ሲሄድ ገንዘቡን ያስረከባቸው የሦስት አገልጋዮች ታሪክ። አምስት መክሊት የተቀበለው ነግዶ አምስት አተረፈ፣ ሁለት የተቀበለውም ሁለት። ሦስተኛው አንዷን መክሊቱን ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራት፤ ጌታው ሲመለስ አንድም ሳያጎድል አስረከበ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ሦስተኛው ነው። ሌባ አይደለም። ኦዲተር ቢመጣበት ሒሳቡ ንጹሕ ነው። ወደ ውጭ ጨለማ የተጣለው ግን እሱ ነው።

በዓለም አቀፍ ግዥ የተሰማራ ሰው ይህን ወንጌል ተረጋግቶ የሚሰማ አይመስለኝም። ሥራችን በሰው ገንዘብ፣ ለሌላ ሰው፣ ከማናውቀው ሰው መግዛት ነው። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ለዘመድ ጥየቃ በሄድኩ ጊዜ የንስሐ አባታችን ስለ እንጀራዬ ጠየቁኝ።

«ገንዘቡ የማን ነው ልጄ?»

«የመንግሥት ነው አባ።»

«ዕቃውስ?»

«የሆስፒታሎች፣ የጤና ጣቢያዎች።»

«ታዲያ ያንተ የሆነው ምኑ ነው?»

ሊነቅፉኝ አልነበረም፤ የምር ሊገባቸው ፈልገው ነው። መንዝ ውስጥ ገበሬው ገብሱን፣ ባና የሚሠራውም ባናውን «የእጄ ሥራ ነው» ብሎ ያሳያል። እኔ የማሳየው ምንድን ነው? ሳስበው የእኔ የሆነው ውሳኔው ብቻ ነው።

ስለ ጉቦ ብዙ አልጽፍም። ኦሪት ዘዳግም መማለጃን በግልጽ ከልክሏል፤ ለፋሲካ በግ የሚልክ አቅራቢም ለምን እንደላከው እሱም ተቀባዩም ያውቁታል። የሚከብደው ጉቦ በሌለበት ያለው ኃጢአት ነው።

የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያወጣው ኢንኮተርምስ የሚባል ደንብ አለ። በሻጭና በገዢ መካከል ኃላፊነት የት ላይ እንደሚሻገር የሚቆርጥ ነው። ኤፍኦቢ የሚባለው ውል ከሆነ ዕቃው መርከቡ ላይ እስኪጫን አደጋው የሻጩ ነው፤ ከተጫነ በኋላ የገዢው። በሲአይኤፍ ሻጩ ኪራዩንና መድኑን እስከ ጅቡቲ ይከፍላል፤ አደጋው ግን ያው መጫኛው ወደብ ላይ ነው የሚሻገረው። ይህ ለንግድ እጅግ ጠቃሚ ነው። አእምሯችን ግን ደንቡን ከንግድ አውጥቶ ለኅሊና ይጠቀምበታል፤ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲደርስ፣ ንብረት ክፍል ተረክቦ ሞዴል 19 የገቢ ደረሰኝ ሲቆርጥ «ከእኔ ወርዷል» ይላል።

አንድ ጄኔሬተር ልውሰድ። በአንድ ደጋ ወረዳ ያየሁት ነው። ግዥው በጨረታ ነበር፣ ያሸነፈውም ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው፤ ወረቀቱ ላይ እንከን የለም። ሰሌዳው ላይ 50 ኬቪኤ ይላል፤ ይህ ግን በባሕር ጠረፍ አካባቢ ባለ አየር የተለካ ነው። መሐል ሜዳን በመሰለ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ቦታ አየሩ የሚመዝነው የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየር አምቆ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የመሣሪያ መቀቀያውና የኦክሲጅን ማሽኑ አንድ ላይ ሲነሡ ጄኔሬተሩ ታንቆ ይጠፋል። ነርሷ ሮጣ አንዱን ትነቅላለች።

ከመስፈርቱ የጎደለው አንድ መስመር ነው፦ ዕቃው የሚሠራበት ቦታ ከፍታ። ያ ቢጻፍ ኖሮ አምራቹ ጉልበቱ ከፍ ያለ ሞተር ወይም ቱርቦ ያለው ያቀርብ ነበር፤ ዋጋው ጥቂት ይጨምራል፣ ዕቃው ይሠራል። መስመሩን ያልጻፈው ባለሙያ ሳንቲም አልነካም። ለእኔ ግን መክሊቱን የቀበረው እሱ ነው።

ክርክር እንዳለበት አውቃለሁ። የግዥ ሕጋችን፣ ቀድሞ አዋጅ 649/2001፣ አሁን 1333/2016፣ ለባለሙያው ነጻ ውሳኔ ጠባብ በር የተወው ያለ ምክንያት አይደለም። «ለጥራት ስል መረጥኩ» የሚለው ገዢ ብዙ ጊዜ አቅራቢውን አስቀድሞ የመረጠ ሰው ነው። መስፈርትን በአንድ ድርጅት ልክ ሰፍቶ ማውጣት ከጉቦ የማይተናነስ በደል ነው። ሆኖም ሕጉ ቅን ሰውን አላሰረም። ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ያለው ጊዜ የእኛ ነው፤ ስልክ ደውሎ ዕቃው የት እንደሚቆም፣ ማን እንደሚያንቀሳቅሰው፣ መብራት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ መጠየቅን የሚከለክል አንቀጽ የለም።

መክሊቱን የቀበረው «ጠብቄ አስረከብኩ» ባይ ነው፤ ስለ ጥበቃ ከሆነ ግን የአገሬ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያውቅበታል። የመንዙን የጓሳ ሣር ቄሮ በሚባለው የቀድሞ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ዘግቶ ይጠብቅ ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ ግን ይከፈትና ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ በደንቡ ይታጨድ ነበር። የሚጠበቀው ሊሠራበት ነው። ዘግቶ የሚረሳ ጠባቂ ሣሩንም ሰውንም አልጠቀመም።

ደግሞ «የመንግሥት ገንዘብ» ሲባል ባለቤቱ ይሰወራል። ለውጭ ግዥ በባንክ ኤልሲ የሚከፈትበት ዶላር ከቡና ለቃሚው ነው፣ ቤይሩትና ሪያድ ሰው ቤት ከሚሠሩ እህቶቻችን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ዛሬ የማይሠራ ዕቃ መግዛት የእነዚህን ሰዎች ድካም፣ በብርም ከቀድሞው እጅግ የበዛ ገንዘብ፣ መቅበር ነው።

መሐል ሜዳ ያለው የእህቴ ልጅ ሎጂስቲክስና ሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት ላጥና ወይ ብሎ ጠይቆኛል። አጥና ብዬዋለሁ። የጨረታ ሰነዱንም ኢንኮተርምሱንም ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩታል። እስከዚያው ግን በአካባቢው ያሉትን ጤና ጣቢያዎች አስፈቅዶ እንዲዞር፣ ተገዝተው የቆሙ ዕቃዎችን እንዲያይ፣ ሰሌዳቸው ላይ ያለውን እንዲገለብጥና ለምን እንደቆሙ ሠራተኞቹን እንዲጠይቅ ነግሬዋለሁ። ዝርዝሩን ሲልክልኝ ለእያንዳንዱ ዕቃ የጎደለውን መስመር አብረን እንጽፋለን።