ባትሪውን ባዶውን አታሳድሩት

ልጆቼ፣ እዚህ ካሊፎርኒያ ከአልባኒ ወደ በርክሌይም ሆነ ወደ ሪችመንድ ወደብ መንገዱ አጭር ነው፤ አሮጌ የሸራ ጀልባም እዚያ ከአንድ ያገለገለ መኪና ባነሰ ዋጋ ይገኛል። መግዛታችሁን አልቃወምም። ግን ቀለሙንና ሸራውን ከማየታችሁ በፊት የባትሪውን ሳጥን ክፈቱ። ወደ ጀልባዋ ሆድ የሚገባውን ውሃ የሚያወጣው ፓምፕ የሚሠራው በእሱ ነው፤ እሱ ከደከመ ጀልባዋ እንደታሰረች ልትሰጥም ትችላለች።

ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ከሠራው ወዲህ የእርሳስ ባትሪ ጠባይ ብዙም አልተለወጠም። ኃይሉን ሲሰጥ በውስጡ ያሉት ሰሌዳዎች የእርሳስ ሰልፌት ይለብሳሉ። ቶሎ ከተሞላ ልባሱ ይሟሟል፤ ለሳምንታት ባዶውን ከቆየ ግን ይጠጥርና ኃይል አልቀበል ይላል። አብዛኛውን የጀልባ ባትሪ የሚገድለው ይህ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ የተጠቀማችሁበትን ያኑ ዕለት ሙሉት፤ ከግማሽ በታችም አታውርዱት። ሁለት ባለ 6 ቮልት የጎልፍ ጋሪ ባትሪዎች በተከታታይ ሲያያዙ ወደ 220 አምፔር ሰዓት ይይዛሉ፤ የእናንተ ድርሻ 110ው ብቻ ነው።

ልክ ሳትወስዱ አትፍረዱ። ቻርጀሩን ነቅላችሁ፣ መብራቱን ሁሉ አጥፍታችሁ ጥቂት ሰዓታት ካሳረፋችሁት በኋላ ቴስተሩ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ እያንዳንዱን ክፍል በሃይድሮሜትር፣ ማለትም በአሲዱ ጥግግት መለኪያ፣ ለኩ። ሌሎቹ 1.265 እያሉ አንዱ 1.200 ላይ ከቀረ ችግሩ እዚያው ነው።

የተጎዳውን ለማዳን ስትሞክሩ፣ ሰሌዳዎቹ ከተራቆቱ መጀመሪያ እስኪሸፈኑ ድረስ ብቻ የተጣራ ውሃ ጨምሩ፤ የቧንቧ ውሃ በፍጹም አይሁን። ባትሪውን በቻርጀር ቀስ ብላችሁ ሙሉት፤ የጎደለውን ውሃ የምትሞሉት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያም አምራቹ ከፈቀደ ወደ 15.5 ቮልት ከፍ አድርጎ ለተወሰኑ ሰዓታት መሙላት ልባሱን ሊያላቅቅ ይችላል። ይህ ግን ውሃ ለሚጨመርበት ባትሪ እንጂ ለታሸገው አይሆንም። የጀልባዋን ሬዲዮና መሣሪያዎች ቀድማችሁ ንቀሉ። ልጆቼ፣ በዚህ ሰዓት የሚወጣው ሃይድሮጅን አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በአንድ ብልጭታ ይፈነዳል፤ መስኮቱን ክፈቱ፣ መነጽርና ጓንት አድርጉ፣ ቀለበታችሁን አውልቁ፣ ገመዶቹን ስትፈቱም ከኔጋቲቩ ጀምሩ። ለዓይናችሁ እሰጋለሁ።

ተአምረኛ ጨው ጨምሩበት የሚላችሁን አትስሙ። ከሰሌዳው ረግፎ ታች የተከማቸውን እርሳስ የሚመልስ ጨው የለም። ከተሞላ በኋላ በማግስቱ ወደ 10.5 ቮልት የሚወርድ ባትሪ አንድ ክፍሉ ሞቷል፤ አሰናብቱት። አዲሱንም ከአሮጌው ጋር አታዋህዱ፤ አሮጌው አዲሱን ይጎትተዋል።

ሲሰናበትም ከቆሻሻ ጋር አይጣል፣ አይፈታ። ሎስ አንጀለስ አጠገብ ቨርነን ላይ የነበረው የኤክሳይድ ባትሪ ማቅለጫ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲዘጋ፣ በዙሪያው ያለው የመኖሪያ ሰፈር አፈር በእርሳስ ተበክሎ ነበር፤ እርሳስ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሕፃናትን አንጎል ይጎዳል። በካሊፎርኒያ ሕግ ሻጩ አሮጌውን የመቀበል ግዴታ አለበት፤ አዲሱን ስትገዙ የከፈላችሁትን መያዣም ይመልስላችኋል። ቀጥ አድርጋችሁ በፕላስቲክ ሣጥን ጫኑትና ውሰዱለት።