ውሻው ለማን ይፈረድ?

ትዳር ሲፈርስ ሀብት ይቆጠራል። ቤቱ፣ ቡናው፣ እንሰቱ፣ ላሟ በሽማግሌ ፊት በየተራ ይነሣሉ፤ ደጃፍ ላይ የተጋደመውን ውሻ ግን የሚያስታውሰው የለም። ይህን የምጽፈው በሩቅ ተመልካችነት አይደለም። ባንኮ ጎቲቲ በማስተምርበት ጊዜ ትዳሬ ሲፈርስ፣ ሽማግሌዎቹ መጻሕፍቱን ሳይቀር ለሁለት ከፍለው ሲያበቁ፣ መቻልን ይዤው ወጣሁ። በአልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ሌሊት ሌሊት ሲጠብቅ ያደገ ውሻ ነበር። ማንም አልተቃወመኝም፤ ዝምታውን እንደ ፍርድ ቆጠርሁት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በራሱ የሚንቀሳቀሰውንም ሆነ ሰው የሚያንቀሳቅሰውን ግዙፍ ነገር በአንድ ወገን ያኖረዋል። በዚህ ሚዛን ውሻና ወንበር ጎረቤታሞች ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም የጋራ ሀብት እኩል እንዲከፈል፣ በዓይነት እኩል መካፈል ካልተቻለም ልዩነቱ በገንዘብ እንዲካካስ ይደነግጋል። ለላም የተስማማ ሥርዓት ነው፤ ላም የመገልገያም የመሸጫም ዋጋ አላት። ጎቲቲ ውስጥ የመቻልን ብጤ ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛ ግን አላየሁም። ገበያ ያልተመነውን በምን እናካክሰው?

በካሊፎርኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳኛው የእንስሳውን አያያዝ ተመልክቶ ለማን እንደሚገባ መወሰን ይችላል። በስፔን በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ደግሞ እንስሳ ስሜት ያለው ፍጡር መሆኑን ተቀብሎ፣ በፍቺ ጊዜ ደኅንነቱ እንዲታሰብ አዟል። ሰው በተቸገረበት አገር ይህ ቅንጦት ነው የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ይሁንና መቻል ሶፋ ላይ የሚተኛ ውሻ አልነበረም፤ ሠርቶ የሚበላ ነበር።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቤንታም ስለ እንስሳት ሲጽፍ ጥያቄው ያስባሉ ወይ ሳይሆን ይሠቃያሉ ወይ መሆን አለበት ብሎ ነበር። እኔ ግን ከሌላ ጥያቄ ጋር ተፋጠጥሁ፤ ይመርጣሉ ወይ?

በሦስተኛው ሌሊት መቻል ገመዱን በጥሶ ወደ ቀድሞው ቤት ተመለሰ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላልና፣ የናፈቀው ግቢውን ነው ብዬ ራሴን አጽናንቼ መልሼ አመጣሁት። ደግሞ ሄደ። በኋላ እናትና ልጅ ግቢውን ለቀው ከመንገዱ በታች ቤት ሲከራዩ፣ መቻልም ግቢውን ትቶ ተከተላቸው። ምክንያቴ ሁሉ ፈረሰ። ለካስ ከራሷ ድርሻ እየቆረሰች ታበላው የነበረችው የዘጠኝ ዓመት ልጄ ኖራለች። ሽማግሌዎቹ የእርሱ ነው ወይስ የእርሷ ቢሉ እንኳ፣ ጥያቄው በባልና በሚስት መካከል ብቻ ይቀር ነበር። እኔም ብሆን የተሟገትሁት ባዶ እጄን ላለመውጣት ኖሯል።

ያም ሆኖ ለውሻው ምርጫ ብቻ እንፍረድ ለማለት አልደፍርም። ውሻ የሚደበድበውንም ይከተላል፤ መከተል መስማማት አይደለም። የመቻል ጉዳይ የቀለለልኝ የተከተላት ልጅ ያበላችው በመሆኗ ነው። ያበላው ሌላ፣ የተከተለው ሌላ ቢሆን ኖሮ ምን እፈርድ እንደነበር ዛሬም አልቆረጥሁም።

በመጨረሻ የተበጠሰውን ገመድ ቋጥሬ ለልጄ ወሰድሁላት። አገላብጣ አየችውና፣ «አባዬ፣ ይኼ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ።