ከድምፁ በፊት መዝገቡ

የካርቲየ 2 («ሰፈር 2») ስም ራሱ ቁጥር ነው። ፈረንሳዮች በቆረቆሯት ጅቡቲ አገሬው የሚኖርባቸው ሰፈሮች እንደ መዝገብ ቤት ዶሴ ከአንድ ጀምሮ ተቆጠሩ። በዚህ ሰፈር ባለፍኩ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፦ «ሕዝቡ ይወስን» ሲባል ሕዝቡ ማን እንደሆነ የሚወስነው ማነው?

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1966 የፈረንሳዩ መሪ ዠኔራል ደ ጎል ጅቡቲ ሲገቡ የነፃነት መፈክር ይዞ የወጣ ሰልፈኛ ጠበቃቸው። ሁከቱ ደም አፈሰሰ። ከዚያ ሁለት ነገር መጣ፦ የሕዝበ ውሳኔ ቃልና ከተማዋን የከበበ የሽቦ አጥር። አጥሩ ከድምፁ ቀደመ። ብዙ ሶማሌዎች «የውጭ አገር ሰው» ተብለው ተባረሩ። ማርች 19 ቀን 1967 ሲደርስ መራጭ ሆኖ የተመዘገበው 39 ሺህ ገደማ ነበር፤ 22,555 ሰው ከፈረንሳይ ጋር መቆየትን መረጠ፣ 14,666 ሰው እምቢ አለ። በማግሥቱ ከተማዋ ዳግም ታመሰች፤ ሰውም ሞተ።

«ምርጫው ተጭበርብሯል» ብሎ መዝጋት ይቀላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከማጭበርበር የጠለቀ ነገር ነው። አንድም ኮሮጆ ባይነካ፣ እያንዳንዱ ወረቀት በሐቅ ቢቆጠር እንኳ፣ ከአጥሩ ውጭ የቀረው ሰው መልስ ከየት ይገኛል? የመራጩን ዝርዝር ደግሞ በድምፅ ማጽደቅ አይቻልም፤ ለዚያኛው ድምፅም ሌላ ዝርዝር ያስፈልጋልና።

ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ሂውም በ1748 ባሳተመው ጽሑፉ፣ ተኝቶ ሳለ መርከብ ላይ የተጫነን ሰው ያነሳል፦ ባሕር ውስጥ ዘሎ ስላልሞተ ብቻ የመርከቡን አዛዥ ፈቅዶ ተቀብሏል ይባላል? ለወደብ ከተማ የሚስማማ ምሳሌ ነው። የጅቡቲው ግን አንድ ነገር ይጨምራል፤ እዚህ የተሳፋሪውን ዝርዝር የጻፈውም አዛዡ ነው። «እምቢ ካላችሁ ጥለናችሁ እንሄዳለን» ያለውም እሱው።

ይሁንና «አዎ» ያለውን ሁሉ አሻንጉሊት ማድረግ አልችልም። ከደጋፊዎቹ የሚበዙት አፋሮች ነበሩ፤ ፈረንሳይ ብትወጣ ማን እንደሚገባ ያሰላ ሰው ፈሪ አይባልም። የእኛው ንጉሠ ነገሥት ግዛቲቱ የኢትዮጵያ ናት ይሉ ነበር፣ ሞቃዲሾም የእኔ ናት ትል ነበር። በሁለት ጎረቤት መካከል ሆኖ የሩቁን ጌታ መምረጥም ሐሳብ ነው፤ የተጨነቀ ሐሳብ።

ሜይ 8 ቀን 1977 ጥያቄው ተመልሶ መጣ። የፈረንሳይ ወታደር አሁንም ከተማው ውስጥ ነው፤ በባቡሩ ሐዲድ ሌላኛው ጫፍ አዲስ አበባ በአብዮት ትታመሳለች፣ ወጣቶቿ በጅምላ ከተረሸኑ ገና አሥር ቀን አልሞላም። ከመቶ ከ98 በላይ የሆነው መራጭ ነፃነትን መረጠ። አሥር ዓመት የሰውን ልብ ይለውጣል፤ ግን ልብ ብቻ ነው የተለወጠው? የመሀል ከተማው የምኒልክ አደባባይ ስሙ ተቀይሮ በነፃነቱ ቀን «27 ጁን 1977» ተባለ። ካርቲየ 2 ግን ዛሬም ካርቲየ 2 ነው።